ቴኦቲዋካንን በጣና ዳር መዘርጋት፦ የጥንቷን ከተማ ንድፍ በገመድና በችካል ለመሥራት፣ ቁፋሮዋንም ለመለማመድ

ከሜክሲኮ ሲቲ በስተሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቴኦቲዋካን በፎቶግራፍ ስትታይ ሁለት ትልልቅ ፒራሚዶችና አንድ ረጅም መንገድ ብቻ ትመስላለች። ተማሪ መጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ከተማዋን ያወቃት ይመስለዋል፤ የመንገዱ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ፣ የፀሐይ ፒራሚድ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ይህንን ዝምታ ደጋግሜ ስላየሁት፣ ከተማዋን መቶ ጊዜ አሳንሰን በጣና ዳር መሬት ላይ እንዘረጋት ጀመር። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥራ እርስዎም ከተማሪዎችዎ ወይም ከልጆችዎ ጋር እንዲያከናውኑት፣ ቀጥሎም ባለሙያዎች ከተማዋን እንዴት እንደቆፈሩ በትንሽ የልምምድ ጉድጓድ እንዲሞክሩት ያስረዳል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለተማሪዎች ጥቂት ነገር መንገር ያስፈልጋል። ከተማዋ ማደግ የጀመረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው የመጨረሻው ምዕተ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ታላላቆቹ ሕንፃዎቿ በአብዛኛው የቆሙት በቀጣዮቹ ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ ነው። በሙሉ ኃይሏ በነበረችበት ዘመን 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ትሸፍን የነበረ ሲሆን፣ የነዋሪዎቿ ቁጥርም መቶ ሺህና ከዚያ በላይ እንደነበረ ይገመታል። በ550 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ገደማ በመሐል ከተማው ያሉት ዋና ዋና ሕንፃዎች በእሳት ወድመዋል። «ቴኦቲዋካን» የሚለውን ስም ያወጡላት ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጡት አዝቴኮች ናቸው፤ በናዋትል ቋንቋ አማልክት የተፈጠሩበት ቦታ እንደማለት ነው። ነዋሪዎቿ ራሳቸው ምን ብለው ይጠሯት እንደነበር አይታወቅም። ረጅሙ መንገድ የሚጠራበት «የሙታን ጎዳና» የሚለውም ስም ከአዝቴኮች የመጣ ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተከመሩትን ጉብታዎች መቃብር አድርገው ስለቆጠሯቸው ነው እንጂ፣ ጉብታዎቹ የመድረኮችና የቤተ መቅደሶች ፍርስራሽ ነበሩ።

ቦታውና ወቅቱ

22 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ይበቃል። መሬቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ በመጠኑ ዝቅ የሚል ከሆነ ይመረጣል፤ የቴኦቲዋካንም መሬት እንዲሁ ነው። ተመራጩ ጊዜ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው። በመስከረምና በጥቅምት ጣና ሞልቶ ስለሚቆይ የዳርቻው አፈር ይረጥባል፣ ችካልም አይይዝም፤ በክረምት ደግሞ የተሠራው ጭቃ በአንድ ዝናብ ይፈርሳል። ሥራውን ማለዳ ይጀምሩ፤ ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ሲባጎውን እያወዛወዘ ልኩን ያዛባል። ከውኃው ጠርዝም ራቅ ይበሉ። አንድ ዓመት የዘረጋነውን ሙሉ ንድፍ ሌሊት ለግጦሽ የወጣ ጉማሬ ረግጦት አድሮ፣ ጠዋት ስንደርስ ከጨረቃ ፒራሚድ ላይ የቀረው ኮቴ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ሆኖም ጉማሬ ለቀልድ የሚሆን አውሬ አይደለምና ከምሽት እስከ ንጋት በዳርቻው ማንም እንዳይቆይ ያድርጉ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ማንኛውም ግንበኛ ዘንድ ያሉ ናቸው፦ 50 ሜትር ሲባጎ፣ ከባሕር ዛፍ የተጠረቡ 40 ያህል ችካሎች፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ቱምቢ፣ ውኃ ልክ፣ መስመር ለማስመር ኖራ ወይም የደቀቀ አመድ። የሐይቁ ደንገልም ይጠቅማል፤ ቆራርጠው ቢያስቀምጡት የትንንሾቹን ቤቶች ቦታ ያመለክታል።

ሰሜንን ማግኘት

ብዙ ሰው ይህንን ክፍል ችላ ብሎ ወደ ፒራሚዶቹ መቸኮል ይወዳል። ሆኖም የቴኦቲዋካን ንድፍ ከሁሉ አስቀድሞ የአቅጣጫ ንድፍ ነው፤ መንገዱ ብቻ ሳይሆን ቤቶቹ፣ አጥሮቹ፣ የወንዙ መውረጃ ሳይቀር አንዱን መስመር ይከተላሉ። መስመሩ ወደ ትክክለኛው ሰሜን የሚያመለክት አይደለም፤ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 15 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነብላል። ሰሜንን ሳያውቁ ይህን ዘንበል ማለት ማግኘት አይቻልም።

የስልክ ኮምፓስ አይመኑ። የብረት አጥር፣ የብረት ሜትር ወይም መኪና በቅርብ ካለ መርፌው ይስታል፤ ምንም ባይኖርም የሚያሳየው የመግነጢስ ሰሜን ነው እንጂ ትክክለኛውን ሰሜን አይደለም። ይልቁንስ በፀሐይ ጥላ ይሥሩ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ በደልዳላ መሬት ላይ ይትከሉና በቱምቢ ቀጥ ማለቱን ያረጋግጡ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን ቦታ በጠጠር ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ ሲባጎ ከዱላው ሥር አስረው፣ እስከ ጠጠሩ ባለው ርዝመት ዙሪያውን ክብ ያስምሩ። ጥላው እስከ ቀትር እያጠረ ይሄድና መልሶ ይረዝማል፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ጫፉ ክቡን እንደገና ሲነካ ሁለተኛውን ጠጠር ያኑሩ። ሁለቱን ጠጠሮች የሚያገናኘው መስመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነው፤ የመስመሩን እኩሌታ ከዱላው ሥር ጋር የሚያገናኘው ደግሞ የሰሜንና የደቡብ መስመር ይሆናል።

እዚህ ላይ እኔ ራሴ የወደቅኩበትን ስሕተት ልንገርዎት። መጀመሪያ የሞከርኩት በግንቦት ነበር፤ በልጅነታችን የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል ብለን የተማርነውን ይዤ፣ ጥላው ያመለከተበትን ጫፍ ሰሜን አልኩት። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን አልፋ ጥላችንን ወደ ደቡብ ትጥለዋለች። በዚህ ምክንያት ከተማዋን ሙሉ በሙሉ ገልብጬ ዘረጋኋት፤ የጨረቃ ፒራሚድም ጀርባውን ለጣና ሊሰጥ ሲገባው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ስሕተቱን ያገኘው ሐይቁ በየት በኩል እንዳለ የጠየቀ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነው። ስለዚህ የቀትር ጥላውን አቅጣጫ ሳይሆን ጠጠሮቹን ይመኑ፦ የጠዋቱ ጠጠር ምንጊዜም ምዕራብ ነው፤ እሱን በግራ እጅዎ፣ የከሰዓቱን በቀኝ እጅዎ በኩል አድርገው ሲቆሙ ፊትዎ ወደ ሰሜን ነው።

የቴኦቲዋካን ሰዎች መስመሩን ለምን እንዳዘነበሉት ሲጠየቅ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ፀሐይ ይጠቁማሉ። የፀሐይ ፒራሚድ ወደ ምዕራብ የሚያይበት አቅጣጫ በየዓመቱ ሁለት ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 22 እና ነሐሴ 7 አካባቢ፣ ፀሐይ ከምትጠልቅበት ነጥብ ጋር ይገጥማል። ከነሐሴው ቀን እስከ ሚያዝያው ያለው ጊዜ 260 ቀን ያህል ሲሆን፣ የዚያ አገር የጥንት ሕዝቦች የሥርዓት ዘመን መቁጠሪያም 260 ቀን ነበረው። የጨረቃ ፒራሚድ ደግሞ ሴሮ ጎርዶ ከሚባለው ተራራ ፊት ለፊት ስለቆመ፣ በመንገዱ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ፒራሚዱን ተራራው ከበስተጀርባው ቆሞ ያየዋል። እኛ ዘንድ በሰሜን በኩል ያለው ጣና ስለሆነ ተራራ የለንም፤ ከንድፉ ጫፍ ላይ ሁለት ጆንያ አፈር ከምሮ ተራራ ማድረግ ግን ይቻላል።

ዋናው መስመር

በሜዳው ደቡባዊ ጫፍ አንድ ችካል ይምቱ። ከእሱ ተነሥተው በትክክለኛው ሰሜን 10 ሜትር ይለኩ፤ እዚያም ጊዜያዊ ችካል ይትከሉ። ከጊዜያዊው ችካል ወደ ምሥራቅ ቀጥ ባለ ማዕዘን 2 ሜትር ከ77 ሳንቲሜትር ይለኩና ሌላ ችካል ይምቱ። የደቡቡን ችካል ከዚህኛው ጋር የሚያገናኘው ሲባጎ የሙታን ጎዳና አቅጣጫ ነው። ቀጥ ያለ ማዕዘን ለማውጣት ግንበኞች ስኳድራ ሲያወጡ የሚያደርጉትን ያድርጉ፦ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ ያስተካክሉ። ሲባጎውን በዚያው አቅጣጫ እስከ 22 ሜትር ያስረዝሙትና መጨረሻው ላይ ጠንካራ ችካል ይምቱ፤ ይህ የጨረቃ ፒራሚድ መካከለኛ ነጥብ ነው።

ከዚህ በኋላ ልኬት ሁሉ የሚጀምረው ከጨረቃው ችካል ነው። መጠኑ አንድ ለመቶ ስለሆነ በእውነተኛዋ ከተማ ያለው አንድ ሜትር በእኛ ሜዳ አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል። መንገዱ 40 ሜትር ያህል ስፋት ስላለው ከሲባጎው ግራና ቀኝ 20፣ 20 ሳንቲሜትር ለክተው በኖራ ሁለት መስመር ያስምሩ። ተማሪዎች በአርባ ሳንቲሜትር መንገድ እግራቸውን እያስከተሉ ሲሄዱ ጎዳናው ጠባብ ይመስላቸዋል፤ እውነተኛውን 40 ሜትር በሜዳው ላይ ለክተው አንድ ጊዜ ያሳዩዋቸው። በጥምቀት ታቦት አጅቦ በሰፊ ጎዳና የሄደ የባሕር ዳር ልጅ እንዲህ ያለ ስፋት የሚያስፈልገው ለገበያ መመላለሻ ሳይሆን ለብዙ ሕዝብ ሰልፍ መሆኑን ወዲያው ይረዳዋል።

ሕንፃዎቹን በየቦታቸው ማስቀመጥ

በጨረቃው ችካል ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ጎን ያለው አራት ማዕዘን ያውጡ፤ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ መንገዱ ነው። ከፊቱ አደባባይ ይተዉ፤ በአደባባዩ ዙሪያ ትንንሽ ደረጃማ መድረኮችን በድንጋይ ያመልክቱ። በደቡብ ምዕራብ ጥግ ያለው ሕንፃ ኬትሳልፓፓሎትል የሚባለው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ተቆፍሮ የተጠገነው ቤተ መንግሥት ነው።

በዋናው ሲባጎ ላይ ከጨረቃው ችካል ወደ ደቡብ 7 ሜትር ተኩል ያህል ይለኩ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ቀጥ ባለ ማዕዘን 2 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ይሂዱ። እዚያ የፀሐይ ፒራሚድ መካከል ነው። የመሠረቱ ጎን 2 ሜትር ከ23 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው 65 ሳንቲሜትር ያህል ይሁን። ፊቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ መንገዱ ያዞራል። የጨረቃ ፒራሚድ ከፍታ 45 ሳንቲሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከፍ ካለ መሬት ላይ ስለቆመ የሁለቱ አናት ተቀራራቢ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ ውኃ ልክ በረጅም ጣውላ ላይ አድርገው ይህን ለተማሪዎች ቢያሳዩ ጥሩ ነው። የቤተ መቅደሱ ሰዎች ተዳፋቱን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መሣሪያ ተጠቅመውበታል።

ከጨረቃው ችካል 19 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ከመንገዱ በስተምሥራቅ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ግቢ ያስምሩ። ስፔናውያን ምሽግ መስሏቸው ሲዩዳዴላ ያሉት ይህ ነው፤ በእርግጥ ግን በመድረኮች የታጠረ እጅግ ሰፊ የሥርዓት ቦታ ነው። በግቢው ውስጥ ወደ ምሥራቅ ጠጋ ብሎ የባለ ላባው እባብ ቤተ መቅደስ ይቆማል፤ ጎኑ 65 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ በምዕራብ በኩል፣ ታላቁ ግቢ የሚባለው ሌላ ሰፊ ቦታ አለ፤ ብዙዎች ገበያ ሳይሆን አይቀርም ብለው ያስባሉ። ከሲዩዳዴላ ትንሽ በስተሰሜን መንገዱን የሚያቋርጥ ቦይ ይቆፍሩ፦ ይህ የሳን ሁዋን ወንዝ ነው። ወንዙ በተፈጥሮ መንገዱ ይሄድ ነበር፤ ከተማውን የነደፉት ሰዎች ግን ጠምዝዘው ዋናውን መስመር ቀጥ ባለ ማዕዘን እንዲያቋርጥ አደረጉት። በቦይዎ ውስጥ ከሐይቁ የተቀዳ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስሱበት፤ በንድፉ ላይ ከሚያዩት ነገሮች ሁሉ ልጆች የሚያስታውሱት ይህን ነው።

ፒራሚዶቹን በጭቃ ሲሠሩ ጥቁሩ ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ የጤፍ ጭድ ይቀላቅሉበት፤ ለቤት ግድግዳ እንደሚቦካው ሁሉ አንድ ሁለት ቀን ቢቦካ የተሻለ ይይዛል። የከተማዋ መለያ የሆነውን የግድግዳ አሠራር አይርሱ፦ እያንዳንዱ እርከን ከታች ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ተዳፋት ግድግዳ፣ ከላዩ ደግሞ ክፈፍ ያለው ቀጥ ያለ ሰሌዳ አለው። ከካርቶን ቆርጠው ይለጥፉት። በእውነተኛዋ ከተማ ይህ ሁሉ በኖራ ልስን ተሸፍኖ፣ በአብዛኛውም ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር።

የሚተርፍ ጊዜ ካለዎት፣ አንድ መኖሪያ ግቢ ብቻ በሙሉ መጠኑ በኳስ ሜዳ ላይ ይዘርጉ። በከተማዋ ውስጥ ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ ግቢዎች የነበሩ ሲሆን፣ ብዙዎቹ 60 ሜትር በ60 ሜትር ያህል ሆነው፣ በርካታ ቤተሰቦች በግንብ አጥር ውስጥ ይኖሩባቸው ነበር። ለዚህ ሥራ ሜትር ትተው፣ በ83 ሳንቲሜትር ርቀት የተቋጠረ ገመድ ይጠቀሙ፤ ጃፓናዊው ተመራማሪ ሳቡሮ ሱጊያማ የከተማዋ ግንበኞች ይለኩበት የነበረው መለኪያ ይህ እንደሆነ አሳማኝ አድርጎ አቅርቧል። በዚህ መለኪያ የፀሐይ ፒራሚድ በመጀመሪያ ሲሠራ የነበረው ጎን 260 ይሆናል፤ ቁጥሩን ከላይ ያገኙት ነው። እኛ በክንድና በስንዝር የምንለካ ሕዝብ ስለሆንን ይህ ለመረዳት አያስቸግረንም።

ከመቆፈር በፊት መልቀም

አሁን ወደ ቁፋሮው እንሂድ፤ ግን ማንም አካፋ እንዳያነሣ። የቴኦቲዋካንን ሙሉ ካርታ ያስገኘው ሥራ በአብዛኛው የእግር ሥራ ነበር። አሜሪካዊው ሬኔ ሚሎን ከ1962 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት የቁፋሮ ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ፣ የገበሬዎችን ማሳ እየተዘዋወረ በላዩ ላይ የተበተነውን የሸክላ ስባሪና የባልጩት ፍርፋሪ እየለቀመ መዝግቦ፣ በ1973 ካርታውን አሳተመ። ካርታውን በ500 ሜትር ካሬዎች የከፋፈለው በሰሜንና በደቡብ ሳይሆን በከተማዋ መንገድ አቅጣጫ ነው፤ ከጥንቶቹ ግንበኞች መስመር ጋር ለመሄድ።

እርስዎም ይህን ይለማመዱ። በንድፉ ላይ ከዋናው ሲባጎ ጋር ትይዩ በሆነ መንገድ 5 ሜትር በ5 ሜትር ካሬዎች ያውጡ፤ ከአንድ ቀን በፊት የተሰበረ ጀበና፣ ምጣድና ገንቦ ስባሪ በአንዳንዱ ካሬ ብዙ፣ በአንዳንዱ ጥቂት አድርገው ይበትኑ። ተማሪዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው በዝግታ እየሄዱ ያዩትን ይልቀሙ፤ የእያንዳንዱን ካሬ ግኝት በየራሱ ፌስታል ከትተው የካሬውን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከውስጥ ያኑሩበት። ከላይ የተጻፈ ጽሑፍ በላብና በዝናብ ይጠፋልና ከውስጥም ከውጭም ይጻፍ። ከዚያ የተለቀመውን ቆጥረው ሰዎች በብዛት የኖሩት የት እንደነበር ይከራከሩበት።

የልምምድ ጉድጓድ

በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። በጣና ዳርና በደሴቶቹ ላይ ያለው መሬት ራሱ የቅርስ መሬት ነው፤ በኢትዮጵያ ሕግ፣ በዐዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ ያለ ፈቃድ የቅርስ ቁፋሮ ማካሄድ ክልክል ነው። ስለዚህ ልምምዱ የሚደረገው እርስዎ ራስዎ በሞሉት አፈር ብቻ ነው። ጎኑ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ የእንጨት ሣጥን ያሠሩ። ከሥር አሸዋ ያድርጉ፤ በላዩ በኖራ የተለሰነ ወለል፤ በወለሉ ላይ የሸክላ ስባሪ፣ ጥቂት ዶቃ፣ የዶሮ አጥንት፤ ከዚያ የአመድና የከሰል ንብርብር፤ በላዩ የወደቀ ግድግዳ የሚመስል ድንጋይና ጭቃ፤ በመጨረሻም የማሳ አፈር። አመዱ በ550 ገደማ የደረሰው ቃጠሎ ነው። ባለሙያዎቹ ቃጠሎው በተለይ በመንገዱ ዳር ያሉትን ቤተ መቅደሶችና መንግሥታዊ ሕንፃዎች እንጂ ከተማውን ሁሉ በእኩል እንዳልነካ ያወቁት እንዲህ ያለውን ንብርብር በየቦታው ፈልገው ነው፤ ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ እሳቱን የለኮሰው የውጭ ጠላት ብቻ ሳይሆን የውስጥ ዐመፅ ሊሆን ይችላል ወደ ማለት አዘንብለዋል።

መቆፈር የሚጀመረው ከላይ፣ በመጨረሻ ከተከመረው ነው። አፈሩ ቀለሙን ወይም ጥንካሬውን ሲለውጥ ያቁሙ፤ አዲስ ቁጥር ይስጡት፤ ከቀድሞው ጋር አይቀላቅሉት። ለሥራው የግንበኛ ማንኪያና ብሩሽ ይጠቀሙ፤ ዶማ አይግባ። ዕቃ ብቅ ሲል እጅ ሮጦ እንዳያወጣው፤ መጀመሪያ ከሁለት ጎንና ከላይ ይለካ፣ ይሣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከዚያ ይውጣ። የወጣው አፈር ሁሉ በወንፊት ይነፋ። የሣጥኑን አንድ ጎን ሳይቆፍሩ ይተዉት፤ ሲጨርሱ ንብርብሮቹ ተደርድረው የሚታዩት በዚያ ግድግዳ ላይ ነውና በካሬ ወረቀት ይሣሉት። ተማሪዎች ዕቃ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፣ ግድግዳውን መሣል ግን ይሰለቻቸዋል። እኔ ውጤት የምሰጠው በግድግዳው ሥዕል ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደምጠይቅ ሲያጉረመርሙ የሜክሲኳዊውን ቆፋሪ የሌኦፖልዶ ባትሬስን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ባትሬስ ከ1905 እስከ 1910 የሜክሲኮ ነፃነት መቶኛ ዓመት ከመድረሱ በፊት የፀሐይ ፒራሚድን ገልጦ ለማሳየት ተቻኩሎ ቆፈረ፤ በውስጡ ሌላ ሙሉ ገጽ ይገኛል ብሎ ስላመነ ከውጭው በርካታ ሜትር ውፍረት ያለው ግንብ አስነሣ። ያሰበው ገጽ አልነበረም። ዛሬ ጎብኚ የሚወጣው ፒራሚድ በጥንት ጊዜ የነበረውን ቅርጽ የማይመስለው፣ አንዱ እርከንም የእሱ ፈጠራ የሆነው ለዚህ ነው። ከእሱ በኋላ ማኑዌል ጋሚዮ ከ1917 ጀምሮ በሲዩዳዴላ ሲቆፍር ግን የባለ ላባው እባብ ቤተ መቅደስ በኋላ በተጨመረ መድረክ ሥር ተሸፍኖ ስለቆየ፣ የድንጋይ የእባብ ራሶቹን በቦታቸው አገኛቸው።

ሆዱን ማየት

ፒራሚድን ሳያፈርሱ ውስጡን ለማወቅ ባለሙያዎች ጠባብ ዋሻ ይቆፍራሉ። ሱጊያማና ሩቤን ካብሬራ ከ1998 እስከ 2004 የጨረቃ ፒራሚድን በዚህ መንገድ ሲመረምሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበ ሰባት ሕንፃ አገኙ፤ የመጀመሪያው ጎኑ 23 ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ መድረክ ሲሆን፣ አራተኛው በአንድ ጊዜ ወደ 89 ሜትር አደገ። በአንዳንዶቹ ደረጃዎች የተሠዉ ሰዎች ከፑማ፣ ከተኩላ፣ ከንስርና ከእባብ ጋር ተቀብረው ነበር።

ይህን ለማሳየት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ሁለተኛ ትንሽ የጨረቃ ፒራሚድ ለብቻ በጣውላ ላይ መሥራት ነው። ሰባቱን ድርብ በሁለት ዓይነት ጭቃ፣ አንዱን በጥቁር ዋልካ፣ ቀጣዩን በቀይ አፈር እያፈራረቁ ይደራርቡ፤ በየድርቡ መካከል ዶቃ ወይም ዘር ይደብቁ። ሳምንት ካደረቁት በኋላ አንዱ ቡድን በማንኪያ ጫፍ ከመሠረቱ ወደ መሐል ዋሻ ይቆፍርና ድርቦቹን ይቁጠር። ከዚያ ሽቦ ወስደው እንደ ድፎ ዳቦ ለሁለት ይክፈሉት። በዋሻው የቆጠሩት ከተከፈለው ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ እና ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ዋሻው ትንሹን የመጀመሪያ መድረክ በጎኑ አልፎት እንደሄደ ይታያል።

ሌላው ዓይነት ዋሻ ጥንታውያኑ ራሳቸው የሠሩት ነው። በ1971 ከፀሐይ ፒራሚድ ሥር 100 ሜትር ያህል የሚረዝም ዋሻ ተገኘ። በ2003 ደግሞ ከከባድ ዝናብ በኋላ ከባለ ላባው እባብ ቤተ መቅደስ ፊት መሬቱ ተሰነጠቀና ጉድጓድ ታየ፤ ሜክሲኳዊው የቁፋሮ ባለሙያ ሰርሂዮ ጎሜስ በገመድ ታስሮ 14 ሜትር ያህል ወረደ። ታች የነበረው ዋሻ 100 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ሰዎች ሆን ብለው በአፈርና በድንጋይ ዘግተውት ከ1,700 ዓመት በላይ ቆይቷል። ጎሜስ አልቸኮለም፤ በመሬት ውስጥ በሚያይ ራዳርና በትንንሽ ሮቦቶች እየታገዘ ዓመታት ወስዶ ከፈተው። ከ50 ሺህ በላይ ዕቃዎች፣ ከእነሱም ጋር ፈሳሽ ባዜቃ ወጣ።

መዝጋትና መተው

ሥራው ሲያበቃ የተቆፈረውን ሣጥን መልሰው ይሙሉ፤ ከመሙላትዎ በፊት በወለሉ ላይ ጆንያ ዘርግተው የዓመቱን ሳንቲም ይጣሉበት፣ ለሚቀጥለው ቆፋሪ የተነካው አፈር እስከየት እንደሆነ ይነግረዋል። ሲባጎውን ጠቅልለው ችካሎቹን ይንቀሉ፤ የጨረቃውንና የደቡቡን ችካል ግን ይተዉ፣ ካልሆነም በየቦታቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀብረው በመሮ መስቀል ይቅረጹባቸው። በቴኦቲዋካንም በወለሎችና በቋጥኞች ላይ በነጠብጣብ የተወቀሩ፣ በመካከላቸው መስቀል ያለባቸው ክቦች ይገኛሉ፤ አንዳንዶች የቀያሾች ምልክት ናቸው ይላሉ። በሚቀጥለው ኅዳር ውኃው ሲሸሽ ሁለቱን ድንጋዮች ፈልገው ሲባጎውን ከአንዱ ወደ ሌላው ይወጥሩ፤ ጥላ መጠበቅ አያስፈልግዎትም።